ከመርጫ መድኃኒትና ከእህል ብናኝ ስለሚመጣው የአስም ሕመም

ሰብልን ከተባይ ስለ መጠበቅ፥ አረምን ስለ ማጥፋትና እህልን ከነቀዝ ስለ መከላከል ለገበሬዎች ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። መድኃኒቱን ስለሚረጨው፥ እህሉን ስለሚወቃውና ስለሚያዘራው፥ ጎተራውን ስለሚጠርገው ሰው ሳንባ ግን የተነገረው እጅግ ጥቂት ነው። እኔ ራሴ በእርሻ ኮሌጅ ስማር አንድ መድኃኒት ከመቶ ስንቱን ተባይ እንደሚገድል፥ ለአንድ ሄክታር ስንት ሊትር እንደሚበቃ፥ ከመርጨት እስከ አጨዳ ስንት ቀን መቆየት እንደሚገባ በሚገባ ተምሬአለሁ። መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ የሚሄደው ሰው ምን እንደሚተነፍስ ግን በትምህርቱ ውስጥ የነበረው ስፍራ ከጥቂት ገጽ አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ከሥራ የሚመጣ አስም ምን እንደ ሆነ፥ ከምን እንደሚነሣ፥ በምን እንደሚታወቅና ገበሬውም የልማት ሠራተኛውም ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

አስም ማለት ምን ማለት ነው?

የምንስበው አየር በአፍና በአፍንጫ ገብቶ፥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉና እየቀጠኑ በሚሄዱ ቱቦዎች አልፎ ወደ ሳንባ ይደርሳል። እነዚህ ቱቦዎች በውስጣቸው ስስ ልባስ፥ በዙሪያቸውም ቀጫጭን ጡንቻዎች አሏቸው። አስም በተነሣበት ሰው ላይ ሦስት ነገሮች በአንድነት ይሆናሉ። ልባሱ ይቈጣና ያብጣል፤ ጡንቻዎቹ ይኮማተራሉ፤ ወፍራም አክታም መተላለፊያውን ይሞላዋል። ደለል የሞላው የመስኖ ቦይ ውኃ እንደማያሳልፍ ሁሉ፥ የጠበበውም ቱቦ አየር እንደ ልብ አያሳልፍም። ይልቁንም የገባው አየር ለመውጣት ይቸግረዋል፤ በሽተኛው ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ የሚሰማውም ስለዚህ ነው። ሳል፥ ደረትን ጭምቅ አድርጎ የሚይዝ ስሜትና የትንፋሽ ማጠር አብረው ይመጣሉ።

አስም ከብዙዎቹ የሳንባ ሕመሞች የሚለየው መምጣትና መሄድ ያለው በመሆኑ ነው። ዛሬ ሌሊት ሰውየውን ቁጭ አድርጎ ያሳድረውና ነገ እኩለ ቀን ላይ ደኅና ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል። ጎረቤትም «ትናንት ሞትኩ ያለው ሰው ዛሬ ያርሳል» እያለ ይታዘበዋል። ይህ ትዝብት ብዙ ሰው ሕመሙን እንዲደብቅ ስላደረገ፥ እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ነው ከማለት መቆጠብ ይገባል።

አያሌ ሰዎች አስም በልጅነት የሚጀምር ወይም በዘር የሚወረስ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ጤነኛ ሆኖ የኖረ ሰው ከሥራው የተነሣ አስም ሊይዘው ይችላል። ሊቃውንት ዐዋቂዎችን ከሚይዘው አስም ውስጥ ከመቶ 15 ያህሉ ከሥራ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ይገምታሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የኢጣልያው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1700 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሠራተኞች በሽታ ሲጽፍ፥ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች ከአቧራው የተነሣ የሚደርስባቸውን ሳልና የትንፋሽ ችግር ለብቻው በአንድ ምዕራፍ ገልጾታል። ሐኪሞችም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ የመከረ እርሱ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ ይህ ጥያቄ በብዙ ቦታ ሳይጠየቅ ይቀራል።

በሽታው የሚመጣባቸው ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። አንድ ሰው አንድን ብናኝ ወይም መድኃኒት ለሳምንታት፥ ለወራት ወይም ለዓመታት ሲስብ ይቆያል፤ ምንም አይሰማውም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን ሰውነቱ ያንን ነገር እንደ ጠላት ቈጥሮ ይመዘግበዋል። በአማርኛችን ቂም ይይዛል ብንል ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል። ቂሙ ከተያዘ በኋላ ግን ብዙ መጠን አያስፈልግም፤ ቀድሞ ቀኑን ሙሉ ሲስበው ምንም ያላደረገው ነገር፥ አሁን በጥቂቱ ሲሸተው ደረቱን ይይዘዋል። ስለዚህ «ይህን መድኃኒት ዐሥር ዓመት ስረጭ ኖሬ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ክርክር ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም በሽታው ያለው በዚያ በዐሥር ዓመት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ቂም ከሚያስይዙት ነገሮች መካከል የዱቄትና የእህል ብናኝ፥ በጎተራ ውስጥ የሚኖሩ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሐዋስያን፥ የጥሬ ቡና ብናኝ፥ የእንስሳት ጠጕርና ፎረፎር፥ እንደዚሁም ፎርማሊንን የመሰሉ የማጽጃ መድኃኒቶችና አይሶሳያኔት የሚባለው በመኪና ቀለም ውስጥ የሚገኝ ቅመም ይቈጠራሉ። ከእርሻ መድኃኒቶችም ክሎሮታሎኒልና ካፕታፎል የሚባሉት የሻጋታ መድኃኒቶች በውጭ አገር በሠራተኞች ላይ አስም እንዳመጡ ሐኪሞች ጽፈዋል።

ሁለተኛው መንገድ ድንገተኛ ነው። አንድ ሰው በተዘጋ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ብዙ የሚያቃጥል ጋዝ ወይም ጢስ ቢስብ የአየር ቱቦዎቹ ልባስ ይቃጠላል፤ ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩም በዚያው ዕለት ይጀምርና ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይቆያል። ሐኪሞች ለዚህ ዓይነቱ ሕመም የተለየ ስም የሰጡት በ1985 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በታኅሣሥ ወር 1984 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር፥ በሕንድ አገር ቦፓል በሚባል ከተማ ከፀረ ተባይ ፋብሪካ ያመለጠ ሜቲል አይሶሳያኔት የተባለ ጋዝ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ገድሏል፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ እስከ ዕድሜ ልክ የሳንባ ሕመምተኞች ሆነዋል። ያ ጋዝ በፋብሪካው ያገለግል የነበረው በእኛም አገር ሴቪን በሚል ስም የሚታወቀውን ካርባሪልን ለመሥራት ነበር። በእርሻችን ላይ እንዲህ ያለ ጥፋት አይደርስም፤ ነገር ግን በረኪናን ከአሲድ ጋር ቀላቅሎ በተዘጋ ክፍል የሚያጸዳ ሰው በራሱ ላይ የሚያመጣው የክሎሪን ጋዝ በዓይነቱ የዚያው ወገን ነው።

በመርጨት ሥራ ላይ

በመኸር ጊዜ አረም ለማጥፋት፥ በስንዴ ላይ ዋግን፥ በድንች ላይ ምችን፥ በበቆሎ ላይ ተምችን ለመከላከል ገበሬው መርጫ ይሸከማል። በብዙ ቀበሌ ደግሞ ለሰው ሁሉ በክፍያ የሚረጩ ወጣቶች አሉ። የእኔ ሥጋት በተለይ ለእነዚህ ነው። ባለ ማሳው በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ሲረጭ እነርሱ ሁለት ወር ሙሉ ይረጫሉና።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ በአዮዋና በኖርዝ ካሮላይና ግዛቶች በብዙ ሺህ ገበሬዎች ላይ ሲካሄድ የቆየ ጥናት ማላታዮንን፥ ክሎርፓይሪፎስንና ፓራኳትን በመሳሰሉ መድኃኒቶች የሚጠቀሙ ገበሬዎች ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ በብዛት እንደሚታይባቸው አሳይቷል። በአገራችንም በሦስት ዓይነት የእርሻ ድርጅቶች ላይ ተደርጎ በ2017 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ጥናት፥ መድኃኒት በሚነካቸው ሠራተኞች ዘንድ የቆየ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከሌሎቹ በዝቶ፥ የሳንባቸውም ኀይል ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሳበው በየትኛው ሰዓት ነው ቢባል፥ ብዙ ሰው በመርጨቱ ሰዓት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከሁሉ የሚከፋው የመበጥበጡ ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ገና በውኃ አልቀጠነም። የዱቄት መድኃኒት ከረጢት ሲቀደድና ሲራገፍ የሚነሣው ብናኝ ጎንበስ ብሎ በሚያፈሰው ሰው ፊት ላይ ይወጣል። ስለዚህ መበጥበጥ የሚገባው ከቤት ውጭ፥ ነፋስ ከጀርባ ወይም ከጎን እንዲመጣ አድርጎ ቆሞ ነው። አስቀድሞ የመርጫውን ግማሽ ውኃ መሙላት፥ ከረጢቱን በመቀስ ወይም በምላጭ መቅደድ፥ በቀስታ ወደ ውኃው ማስገባት፥ ፊትንም ዘወር ማድረግ ያስፈልጋል። በእጅ ማማሰል ከቶ አይገባም።

ሲረጩ ደግሞ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ መጀመር፥ ነፋሱን ፊት ለፊት አለመግጠም፥ የተረጨውንም መስመር መልሶ አለማቋረጥ ነው። መርጫውን አብዝቶ በመገፍተር ጉም የመሰለ ሥስ ርጭት ማውጣት ጥሩ ሥራ የሚመስላቸው አሉ። ጉሙ ግን በቅጠሉ ላይ ከማረፍ ይልቅ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ የሚንሳፈፈውንም የሚስበው ረጪው ነው። ጠብታው ከበድ ቢል መድኃኒቱም አይባክንም፥ ሳንባም ይድናል። የተደፈነውን የመርጫ አፍንጫ በአፍ እፍ ማለት የተከለከለ መሆኑን መቼም ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም አሁንም ይደረጋል።

አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን በየማሳው የተለመደ ነው። ጨርቅ ትልልቁን አቧራ በመጠኑ ይይዛል፤ የመድኃኒትን ትነት ግን አያግድም። እንዲያውም በርጭቱ ከረጠበ መድኃኒቱን ይዞ አፍ ላይ ስለሚለጠፍ ሙሉ ቀን ሲሸተት ይውላል። በጤና ጣቢያ የምናየው የብናኝ ማስክም ለእህል አቧራ ይረዳል እንጂ ለትነት አይሆንም። ለትነት የሚሆነው የከሰል ማጣሪያ የተገጠመለት፥ ፊት ላይ ግጥም ብሎ የሚታሰር የላስቲክ ጭምብል ነው። እርሱም ቢሆን ጢም ባለው ፊት ላይ አይገጥምም፤ ማጣሪያውም በየጊዜው ካልተለወጠ ዋጋ የለውም። ዋጋው ለአንድ ገበሬ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ለሰው ሁሉ የሚረጩ ወጣቶች ባሉበት ቀበሌ፥ ማኅበሩ መርጫ ሲገዛ ጭምብሉን አብሮ ቢገዛ ከአቅም በላይ አይመስለኝም።

ከተረጨ በኋላ ወተት መጠጣት መድኃኒቱን ያረክሰዋል የሚል እምነት በብዙ አገር አለ። ወተት ወደ ሆድ ይወርዳል እንጂ ወደ ሳንባ አይደርስም፤ ስለዚህ በትንፋሽ የገባውን ነገር ሊያስወግድ አይችልም። ወተቱ ለልጆች ይሁን፤ ረጪው ገላውን በሳሙና ይታጠብ፥ ልብሱንም ይለውጥ። ያንን ልብስ ከቤተ ሰቡ ልብስ ጋር አንድ ላይ ማጠብ አይገባም። አጣቢዋም ብናኙን እንዳትስብ ከማራገፍ ይልቅ በቀጥታ በውኃ መዘፍዘፍ ይሻላል።

ስለ ምልክቱ ቀለም

በመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለው የቀለም መስመር ቀይ፥ ቢጫ፥ ሰማያዊና አረንጓዴ መሆኑን፥ ቀዩም ከሁሉ የከፋ መርዝ መሆኑን የልማት ሠራተኞች ያስተምራሉ። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ቀለሙ የሚናገረው በአንድ ጊዜ ሰውነት ውስጥ ቢገባ ስለሚያደርሰው መመረዝ ነው፤ ስለ አስም አይናገርም። ከላይ የጠቀስነው ክሎሮታሎኒል ቢዋጥ ብርቱ መርዝ ከሚባሉት ወገን አይደለም፤ ሆኖም በሚስቡት ሰዎች ላይ አስም አምጥቷል። እንግዲህ «አረንጓዴ ነው፥ አይጎዳም» ብሎ ማስተማር ሰውን ያሳስታል። በዚህ ፈንታ በዕቃው ላይ ደረቱ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ የሰው ምስል እንዳለ መመልከት ነው። ያ ምልክት ሌላም የረጅም ጊዜ ጉዳት ሊያመለክት ይችላል፤ ኤች 334 የሚለው ቍጥር ከተጻፈ ግን መድኃኒቱ ሲሳብ አስም የመሰለ ሕመም ሊያመጣ እንደሚችል ያስታውቃል።

ከገበያ በውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት ይህ ሁሉ የለበትም። የሚገዛው ሰው ምን እንደሚስብ አያውቅም፤ ቢታመምም ለሐኪም የሚነግረው ስም የለውም። በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674/2002 የወጣው እንዲህ ያለውን ንግድ ለመቈጣጠር ነው።

በአውድማና በጎተራ

አቧራ ከመድኃኒት ያነሰ ነገር መስሎ ይታያል፤ «የእህል አቧራ በረከት ነው» የሚሉም አሉ። ሆኖም በአውድማ ላይ ከገብስና ከስንዴ የሚነሣው ብናኝ ተራ አፈር አይደለም። የእብቅ ስብርባሪ፥ የሻጋታ ዘር፥ የነቀዝና የጥቃቅን ተሐዋስያን ቅሪት፥ የከብት እበት ብናኝ በውስጡ አለበት። እህሉ በጎተራ ሲከርም ደግሞ ሻጋታውና ተሐዋስያኑ ይበዛሉ፤ በላዩም የማላታዮን ዱቄት ወይም ሌላ የነቀዝ መድኃኒት ይጨመርበታል። ስለዚህ ጎተራ የሚጠርግ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ይስባል። ከ2018 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ወዲህ በአገራችን የቡና መፈልፈያዎች ላይ የታተሙ ጥናቶችም በአቧራው ውስጥ የሚውሉ ሠራተኞች በሳልና በትንፋሽ ሕመም ከሌሎች ይልቅ እንደሚቸገሩ አሳይተዋል።

በአንድ ወረዳ የማውቀው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ጠባቂ ነበር። በዚያ መጋዘን እህሉም፥ ማዳበሪያውም፥ የነቀዝ መድኃኒቱም በአንድ ጣራ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ እርሱም ሌባ እንዳይገባ በዚያው በጥግ በኩል አልጋ ዘርግቶ ያድር ነበር። በስድስተኛው ዓመት ሌሊት ሌሊት ያስለው ጀመር። ብርድ ነው ተባለ፤ ሽሮፕ ተሰጠው፤ በባሕር ዛፍ ቅጠል ታጠነ። ነገሩን የደረሰበት ራሱ ነው። ለእኅቱ ተዝካር ወደ ትውልድ አገሩ ሄዶ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ደኅና እንቅልፍ ተኛ፤ በተመለሰ በመጀመሪያው ሌሊት ሳሉ ተነሣበት። ይህን ለአለቆቹ ሲነግር «መጋዘን ያስላል እንዴ?» ብለው ሳቁበት። ደመወዙ ለቤቱ አስፈላጊ ስለ ነበር ሁለት ዓመት ጨመረበት። ዛሬ ከመጋዘኑ ከወጣ ቆይቷል፤ ነገር ግን አሁንም የሚነፋ መድኃኒት በኪሱ ይይዛል፥ ዳገቱንም ሦስት ጊዜ ሳያርፍ አይወጣም። በተዝካሩ ማግስት ሥራው ተለውጦለት ቢሆን ኖሮ የመዳን ዕድሉ እጅግ ይሰፋ ነበር።

በአውድማ ላይ ብዙ ማድረግ ይቻላል። ሲያዘሩ ከነፋሱ በላይ መቆም፥ ልጆችን ከነፋሱ በታች አለማስቀመጥ፥ አውድማውን ከመጥረግ በፊት ውኃ አርከፍከፍ ማድረግ ወጪ የለውም። የመውቂያ መኪና ሲመጣ የገለባው መውጫ ሰው ወደሌለበት እንዲዞር ማድረግ ነው፤ መኪናውን የሚያጐርሱት ሰዎች ደግሞ እየተቀያየሩ ይሥሩ። ጎተራ ሲጠረግ በርና መስኮት ይከፈት፤ ወለሉ በጥቂቱ ይርጠብ፤ ጠራጊው የብናኝ ማስክ ያድርግ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መድኃኒቱን ከጎተራው ማስወጣት ነው። ጤፍ ነቀዝ እንደማይበላውና ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ጋር ሲቀላቀል በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ስለሚሞላ ነቀዙን እንደሚያስቸግረው አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ዛሬ ደግሞ ፒክስ የሚባል፥ ከውስጥ ሁለት የላስቲክ ሽፋን ከውጭ አንድ ማዳበሪያ ያለው ከረጢት አለ። በሚገባ የደረቀ እህል ተሞልቶበት፥ አየሩ ተጨምቆ፥ እያንዳንዱ ሽፋን ለየብቻው ጠብቆ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። የእህሉን ድርቀት ለማወቅ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ የመስተዋት ጠርሙስ ከትቶ መነቅነቅ ነው፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም። ከረጢቱን አይጥ እንዳይበሳው ከግድግዳ ማራቅ ይገባል፤ አንድ ቀዳዳ ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋልና።

ፎስቶክሲን በሚል ስም ስለሚታወቀው የጎተራ ክኒን አንድ ነገር መናገር ግዴታችን ነው። ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ባለ 3 ግራሙ ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይለቅቃል። ጉዳቱ ከአስም ያልፋል፤ ሳንባን ውኃ ያስሞላል፥ ልብንም ያቆማል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ሰው ወይም ከብት በሚያድርበት ቤት፥ ወይም ከመኝታ ክፍል ጋር ግድግዳ በሚጋራ ጎተራ ክኒኑን መጠቀም በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

በዶሮ ቤት ዐይንን የሚያቃጥለው ሽታ አሞኒያ ነው፤ ጉዝጓዙ እርጥብ፥ ቤቱም የታፈነ ለመሆኑ ምልክት ነው። ጫጩት መፈልፈያን በፎርማሊን የሚያጥኑ ሰዎች ከበሩ ውጭ ሆነው መጠበቅ፥ ቤቱም በደንብ እስኪናፈስ ድረስ አለመግባት ይገባቸዋል።

እንዴት ይታወቃል?

ዋናው ምልክት የጊዜው መመሳሰል ነው። ሕመሙ በሥራ ቀን ይከፋል፤ እሑድ፥ በበዓል፥ ወይም ለለቅሶና ለሠርግ ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ይቀንሳል። ነገር ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሕመሙ ሁልጊዜ በሥራው ሰዓት አይነሣም፤ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ፥ ማለትም ማታ ወይም ሌሊት የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው። በማለዳ የረጨ ሰው ማታ በእሳት ዳር ተቀምጦ ሲያስል ጢሱን ወይም ብርዱን ያማል እንጂ የጠዋቱን መድኃኒት አያስታውስም። ሕመሙ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ በዕረፍት ቀንም መቀነሱን ይተዋል፤ ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ዘመን መጠርጠር ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚለዩ ሦስት ነገሮች አሉ። ሻጋታ የያዘ ድርቆሽ ወይም ገለባ የነካ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ካለው፥ ካተኮሰውና ከሳለ፥ ይህ ሻጋታው ሳንባን ያስቈጣበት ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። በቈላ አገር ወባ ነው ተብሎ ያልፋል፤ ስለዚህ የደም ምርመራው ወባ የለም ካለ ስለ ድርቆሹ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው፥ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው ሁሉ ሥራው ምንም ይሁን ምን ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ሦስተኛው መመረዝ ነው። እንደ ማላታዮን ያለ መድኃኒት የረጨ ሰው ደረቱ ከመያዙ ጋር ምራቁና ላቡ ከበዛ፥ ዐይኑ ካለቀሰና ብሌኑ ከጠበበ፥ ካስመለሰው፥ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ፥ ይህ አስም ስላይደለ አንድ ሰዓት አይታደርም። ከማሳው አውጥቶ፥ ልብሱን ገፎ፥ ገላውን አጥቦ፥ የመድኃኒቱን ዕቃ ወይም ጽሑፉን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው፤ አትሮፒን የሚባለው ማርከሻ የሚሰጠው በዚያ ነውና።

ከታወቀ በኋላ

የአስም መድኃኒት አለ። ሳልቡታሞል የሚባለው የሚነፋ መድኃኒት የተኮማተሩትን ጡንቻዎች ያላቅቃል፤ ቤክሎሜታዞንን የመሰለው ደግሞ የልባሱን ቍጣ ያበርዳል። የመጀመሪያው ለጊዜው ያስተነፍሳል፤ ሁለተኛው በየቀኑ ካልተወሰደ አይሠራም። ብዙ ሰዎች ፈጥኖ የሚያስተነፍሰውን ብቻ ወድደው ሌላውን ይተዉታል፤ ይህ ጥሩ አይደለም። ይሁን እንጂ ቂም የያዘ ሰውነት ያንኑ ነገር በየቀኑ እየሳበ መድኃኒት ቢወስድ፥ በአንድ በኩል እየቀዱ በሌላው በኩል እንደ ማፍሰስ ነው። ዋናው ሕክምና ከሚጎዳው ነገር መራቅ ነው፤ ያውም ቶሎ። ፈጽመው ከራቁት እንኳ ሙሉ በሙሉ የሚድኑት ከሦስቱ አንዱ ያህል ናቸው፤ ሕመሙ በተጀመረ በቅርቡ የራቁት ግን የተሻለ ዕድል አላቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጭምብል ሰጥቶ ወደዚያው ሥራ መመለስ አይበቃም፤ ጥቂቱም ያስነሣበታልና።

የልማት ሠራተኛው ሐኪም አይደለም፤ ነገር ግን ሐኪሙ የማያየውን ያያል። ማን በየትኛው ቀን ምን እንደ ረጨ የሚያውቅ እርሱ ነው። ስለዚህ የሚያስል ረጪ ወይም መጋዘን ጠባቂ ሲያገኝ አንድ ደብተር ቢያስይዘው መልካም ነው። ራሱ መጻፍ የማይችል እንደ ሆነ ተማሪ ልጁ ይጻፍለት። በአንድ በኩል ቀኑና የተሠራው ሥራ፥ የመድኃኒቱም ስም፤ በሌላው በኩል ሳሉ፥ የሌሊቱ እንቅልፍና የትንፋሹ ሁኔታ ይጻፋል። የትንፋሽን ኀይል የሚለካ፥ መብራት የማያስፈልገው ትንሽ የላስቲክ ዕቃ አለ፤ ጤና ጣቢያው ካለው በቀን አራት ጊዜ እየነፉ ቍጥሩን ከደብተሩ ላይ ማስፈር ነው። ሥራ በሚሠራበት ሁለት ሳምንት፥ ሥራ በማይሠራበትም ሁለት ሳምንት ተይዞ ለሐኪሙ የቀረበ ደብተር፥ በሽተኛው በአንድ ቀን ከሚናገረው ታሪክ የበለጠ ይናገራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በዚህ ነገር አብራ እንድትሠራ መጠየቅ ይገባል።

የሚቀረው አስቸጋሪ ጥያቄ «እርሻዬን ትቼ ወዴት ልሂድ?» የሚለው ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወር ይችላል፤ ገበሬ ግን ከማሳው አይዛወርም። ነገር ግን የሚርቀው ከእርሻው ሳይሆን ከአንዱ ሥራ ነው። ይህም በወንፈል ሊፈታ ይችላል። መርጨት የከለከለው ሰው ለጎረቤቱ አንድ ቀን በበሬዎቹ ያርሳል፤ ጎረቤቱም ማሳውን ይረጭለታል። አቧራ የሚያስነሣበት ሰው ከአውድማው ርቆ ነዶ ይሸከማል፥ ከብት ይጠብቃል፤ ሌላው ያዘራለታል። ይህን ስምምነት በቀበሌው ፊት ማድረግ ሰውየውን ከሰነፍ ስም ያድነዋል። መርጫውን የሚረከበው ጎረቤት ደግሞ ከመሸከሙ በፊት ያኛው ለምን እንደ ተወ ሊነገረው፥ የመድኃኒቱም ስም ሊነበብለት፥ በማለዳና ነፋስ በሌለበት ሰዓት ብቻ እንዲረጭ ሊመከር ይገባል። እርሱም በመኸሩ መካከል ሌሊት ሌሊት የሚያስል ከሆነ መርጫውን በዚያው ቀን አውርዶ ለልማት ሠራተኛው ይንገር።